ቀንድ አውጣው ኦቦ ለሜሳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ እሱ ግን ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። አንዳንድ ቀን ብቻዬን ያስቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከባለቤቴ በቀር ለማንም በወጉ ነግሬው ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን ያገባሁት ዩኒቨርሲቲ የተዋወቅኩትን የነቀምቴ ልጅ ነው። ፊራኦል ይባላል፤ ነቀምቴ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ ይሠራል። እኔ ደግሞ ከቢላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ካርታ ላይ ሲያዩት የት አለና ያሰኛል። መንገዱ ሲዘጋ ግን ቢላና ነቀምቴ ሁለት አገር ናቸው። መሐል መንገድ ላይ፣ ሲሬ ከተማ ድረስ ደርሼ “ከዚህ አይታለፍም” ተብዬ ሻንጣዬን ይዤ የተመለስኩባቸው ቀናት ነቀምቴ ከገባሁባቸው ሳይበዙ አይቀሩም።

ልጃችን ሲፈን ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። የምትኖረው ነቀምቴ፣ አማቴ ዘንድ ነበር። እኔ ጋ የሚይዛት ሰው የለም፤ ብትታመም ደግሞ የማደርስበት መንገድ አይታመንም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድኩ እንዳያት ነበር የተስማማነው። ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከመስከረም እስከ ገና አራት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት።

ጥቅምት ላይ ነቀምቴ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። አመለከትኩና ተቀበሉኝ። ጥር ሳያልቅ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ ካልቀረብኩ ግን ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገሩኝ። ስለዚህ በእኔና በልጄ መካከል የቀረው አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ ኦቦ ለሜሳ ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

ኦቦ ለሜሳ፣ አቶ ለሜሳ እንደማለት ነው፣ ርዕሰ መምህራችን ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ክፉ ናቸው ብዬ ልዋሽ አልችልም። ብቻ አይነቃነቁም። ማመልከቻዬን አነበቡና “ባርሲስቱ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮ ይፈተናሉ። ተተኪ ሳይመጣ አልለቅሽም” አሉኝ። ባርሲስቱ አስተማሪ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ኅዳር ላይ ደግሜ ገባሁ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ እንደ ቴፕ ደገሙልኝ። ተተኪ እንደማይመጣ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ማን ነው ያንን መንገድ አቋርጦ የሚመጣ?

እኔ እልኸኛ ነኝ። ከቢሮው ስወጣ ሁለተኛ አልለምናቸውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አሁን ስለ ቀንድ አውጣው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከተማሪነቴ ጀምሮ የማልተወው አንድ የስልክ ጌም አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ስድስት አውሬ ይዞ ይገጥማል። እንደ ዳማ ተራ በተራ ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ አውሬ ሲጎዳ አስወጥተው በሌላ ይተካሉ። ተጋጣሚው የዓለም ሌላ ጫፍ ላይ ያለ የማያውቁት ሰው ነው። ኔትወርክ ብዙ አይፈልግም፤ እኛ ሰፈር ያለው ጭላንጭል ይበቃዋል።

ሌላው ተጫዋች ሁሉ እሳት የሚተፋና ክንፍ ያለው አውሬ ያሳድዳል። እኔ የያዝኩት ግን ማንም የማይፈልገውን፣ ሽበት የሚመስል ሻጋታ ጀርባው ላይ ያበቀለ ቀንድ አውጣ ነው። አይናከስም፣ አይሮጥም። መሬቱ ላይ ሙጫ ያፈሳል፤ ሙጫው ላይ የቆመ ተጋጣሚ ወጥቶ በሌላ ሊተካ አይችልም። ከዚያ ቀንድ አውጣው ዛጎሉ ውስጥ ይገባና ቁስሉን ይጠግናል። ሙጫው ደግሞ የዚያን ምስኪን ጉልበት በየተራው ጠብ ጠብ እያደረገ ይጨርሰዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሰው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ጨዋታ እኔ ጋ ሰዓት ይፈጃል። አብዛኛው ተጋጣሚ ተናዶ ጥሎ ይወጣል፤ ጥሎ የወጣ ደግሞ ተሸናፊ ነው።

ለአውሬዎቹ የፈለጉትን ስም ማውጣት ይቻላል። ኅዳር ላይ ከቢሮ በወጣሁ ቀን አንጀቴ ቅጥል እንዳለ ስልኬን ከፈትኩና ቀንድ አውጣዬን “ኦቦ ለሜሳ” ብዬ ሰየምኩት። ከራሱ በላይ በትልቁ ተጻፈ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?

ከገና በኋላ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። ኔትወርኩም ጠፋ። ስልክ መደወል የፈለገ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሳልፍ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አወጣሁት። ሁለት መስመር ኔትወርክ! አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስሄድ ይጠፋል፤ ፊቴን ሳዞርም ይጠፋል። ፊቴን ወደ ቢሮው መስኮት አድርጌ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ ስቆም ብቻ ይሠራል።

ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ከመጣ ይጨናነቃል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ላይ ሳስበው ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ይህ ስስቴ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይና ከትምህርት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ፣ ቀንድ አውጣዬን አጫውታለሁ። ከዚያ ውጪ የነበረኝ ኑሮ ክፍል፣ የኪራይ ቤቴ፣ ክፍል፣ የኪራይ ቤቴ ነው። ቅዳሜ መኪና አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ የለም ይሉኛል። ግድግዳው በየቀኑ ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር። ያ ዛፍ ሥር ብቻ ነበር የምተነፍሰው።

ሰዎች እንግዳ ነገር ያሳዩኝ ጀመር፤ እኔ ግን አልነቃሁም። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ከቤታቸው በርጩማ አምጥተው አጠገቤ አኖሩልኝና “ጃባዱ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ። በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ደክሞኝ አይተው ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። አስተማሪዎቹም ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “አይዞሽ” ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ አንድ የሂሳብ አስተማሪ ደግሞ አንድ ቀን ቆም ብለው “ዝም ማለትሽ ጥሩ ነው። ዝምታ ልብ ይሰብራል” አሉኝ። እኔ በዚያ ሰዓት የጃፓን ይሁን የብራዚል የማላውቀው ሰው አሞራ ሙጫ ላይ ተጣብቆልኝ ስለነበር “እሺ” ብዬ ዝም አልኩ።

ጥር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከዚያው ዛፍ ሥር ለአማቴ ደወልኩ። ሲፈንን አቀረቡልኝ። “ሲፉ፣ እማ ነኝ” አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ደግሜ “እማ ነኝ” አልኳት። ከስልኩ ዘወር ብላ አያቷን “ኤኙ?” ስትላቸው ሰማሁ። ማናት ማለቷ ነው።

አማቴ ደንግጠው “ሃዳ ኬ! እናትሽ ናት እኮ!” አሏት። እሷ ግን ስልኩን ጥላ ሄደች።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም። በሻሼ ጫፍ ፊቴን ስጠርግ ፊት ለፊቴ ባለው መስኮት መጋረጃው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ነፋስ መሰለኝ። ቢሮው ሁልጊዜ ባዶ ነበር የሚመስለኝ፤ በዚያ ሦስት ሳምንት ኦቦ ለሜሳ ሲገቡም ሲወጡም በበሩ አይቻቸው አላውቅም። ለካ ሌላ ታሪክ ነበረው።

የጥር የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። ሰኞ ነቀምቴ ካልተገኘሁ ነገሩ አበቃ። መንገዱ ከሐሙስ ጀምሮ ተከፍቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት መኪና አለ። መኪናው አለ፣ መንገዱ አለ፣ እኔ ግን ደብዳቤ የለኝም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ እስከ ቢሮው ደረጃ ሄጄ ተመለስኩ። ልቤ ግቢ ይለኛል፣ መሐላዬ አትግቢ ይለኛል። በመጨረሻ ተስፋዬን ቆርጬ ዛፉ ሥር ቆምኩና ጌሜን ከፈትኩ። ሌላ የማውቀው መሸሸጊያ አልነበረኝም።

የደረሰኝ ተጋጣሚ ስሙ በማላነበው ፊደል የተጻፈ ነው። ሌሎቹን አምስቱን ጨረስኩበትና በመጨረሻ አንድ ኤሊ አወጣ። የእሱም ኤሊ እንደኔው ቀንድ አውጣ ቁስሉን የሚጠግን ዓይነት ነበር። ሙጫውን አፈሰስኩበት። እሱ ይጠግናል፣ እኔ እጠግናለሁ። ሙጫው ይልሰዋል፣ እሱ መልሶ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ተራ አንድ ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ በደቂቃው ውስጥ ካልነኩት ይሸነፋሉ። ስለዚህ ዓይኔን ማንሳት አልችልም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምረን አሥር ተኩል ሆነ፤ እኔም የቀረኝ ቀንድ አውጣው ብቻ ነው፣ አንድ ለአንድ ነን። እንዲህ ያለ እልኸኛ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የቢሮው በር ተከፈተ። ድምፁን ሰማሁት እንጂ ቀና አላልኩም። የእግር ኮቴ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

“ባርሲስቱ።”

“አንድ ደቂቃ” አልኩ፣ ዓይኔን ሳላነሳ።

ማን እንደጠራኝ የገባኝ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። ተራዬን ነክቼ ቀና አልኩ። ኦቦ ለሜሳ የለቅሶ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው አንድ ወረቀት ይዘዋል። ሐምራዊ ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ስሜ ከላይ ይታየኛል። ትንሽ ራቅ ብለው ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

“ሦስት ሳምንት ሙሉ በጓሮ በር ነው የምወጣው” አሉኝ፣ ያው በማይጨምር በማይቀንስ ድምፃቸው። “ደጄ ላይ ሰው ቆሞ እያየሁ በፊት በር ማለፍ አልቻልኩም። ስታለቅሺም አየሁሽ። ዛሬ የመጻሕፍት ጭነት መጥቶ የጓሮውን በር ዘጋብኝ። አሥር ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት መድረስ ነበረብኝ፤ ጸሎቱን የማደርሰው እኔ ነኝ። ትሄዳለች ብዬ ብጠብቅ አልሄድሽም። የሚለምነኝን ሰው ደጄ ላይ ትቼ ሐዘንተኛ ላጽናና አልሄድም። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ አሸነፍሽኝ።”

በዚህ ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። በርጩማው፣ “አይዞሽ”ው፣ “ዝምታ ልብ ይሰብራል” የተባልኩት። ግቢው በሙሉ ደጅ የምጠና መስሎት ኖሯል። እኔ ለኔትወርክ ብዬ ቆሜ ሰውየውን ገዛ ቢሮአቸው ውስጥ ሦስት ሳምንት ዘግቼባቸዋለሁ።

እጄን ወደ ወረቀቱ ዘረጋሁ። እሳቸው ግን አልሰጡኝም። ዓይናቸው ስልኬ ላይ ነበር።

ስክሪኑ እንደበራ ነው። አንድ ሻጋታም ቀንድ አውጣ መሐል ላይ ተዘርግቷል፤ ከራሱ በላይ በትልቁ “ኦቦ ለሜሳ” ይላል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

“ደጅ እየጠናሽ አልነበረም?”

ይህችን ጥያቄ እስክሞት አልረሳትም። ወረቀቱ ከእጄ አንድ ክንድ ይርቃል። እየጠናሁ ነበር፣ ሲሰለቸኝ ስልክ እነካ ነበር ብል ያምኑኝ ይሆናል። ሰኞ፣ ነቀምቴ፣ ሲፈን በፊቴ መጡብኝ። አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን እኚህ ሰው ለቅሶ ያስቀሩት በእውነት መስሏቸው ነው። “አይደለም፣ ኦቦ” አልኳቸው። “እዚህ ቦታ ኔትወርክ አለ። ጌም እየተጫወትኩ ነው። ስሙንም በንዴት ነው ያወጣሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ወረቀቱን ለሁለት አጠፉና የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ልቤ አብሮት ገባ። ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን መልሰው ራሳቸው ላይ አደረጉ።

ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ለሜሳ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

“ምን ያደርጋል ይሄ?”

“ምንም አያደርግም” አልኳቸው። “ሙጫ ያፈሳል። ያንን ሰው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል።”

“እሱስ? ሲፈልግ ይወጣል?”

“አይወጣም። ሙጫው እሱንም ይይዘዋል።”

ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ጠቆም አድርገው “ተራሽ ደርሷል፣ ደቂቃው እያለቀ ነው” አሉኝ። ነካሁት። ቀንድ አውጣው ዛጎሉ ውስጥ ገባ።

“ግምቢ ነው ቤተሰቤ” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። “ባለቤቴ አራት ልጅ ይዛ። እኔ እዚህ አምስት ዓመቴ ነው። ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠየቅኩ። ተተኪ ሲመጣ ይሉኛል። በየቅዳሜው ያንን ኮረብታ እወጣለሁ፣ ለመደወል።” ቀና ብለው ዛፉን አዩት። “እዚህ ኔትወርክ አለ ነው የምትይኝ? መስኮቴ ሥር?”

“አለ” አልኳቸው። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ዓይናቸውን ወደ ስልኬ መለሱ። አብረን ተጫወትን ማለት ይቻላል፤ እኔ እነካለሁ፣ እሳቸው ደቂቃውን ይቆጥሩልኛል። ስድስት ሰባት ተራ ያህል እንደሄድን ኤሊው ከመንቀሳቀስ ዘገየ። ሃምሳ ሰከንድ፣ ሃምሳ አምስት። ድንገት ከስክሪኑ ጠፋ። ተጋጣሚዬ ተሰላችቶ ጥሎ ወጥቶ ነበር። ቀንድ አውጣው ብቻውን ሙጫው ላይ ቀረ፤ ስሙ ከላዩ እንደበራ ነው።

“ሰውየው የት ሄደ?”

“ወጣ።”

“ለሜሳስ?”

“እዚያው ነው” አልኳቸው።

ሳቁ። ኦቦ ለሜሳ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጥፋቱን በመዳፋቸው ደጋግመው አቃኑት፣ ሰጡኝ።

“ሁለታችንም ተጣብቀን ከምንቀር አንዳችን እንውጣ። ሂጂ፣ ልጅሽ ሳትረሳሽ።”

አመሰግናለሁ ማለቴን እንጃ። ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የተነሱት። በግቢው ዋና በር ወጥተው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍደው ወደ ለቅሶው ሄዱ።

በማግሥቱ በጠዋት ተሳፈርኩ። ሲሬ ላይ መኪናው ቆሞ ፍተሻ ሲደረግ ያችን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ይዤ እጄን አላነሳሁም፤ እዚያ ድረስ እውነት አልመሰለኝም ነበር። ነቀምቴ ስገባ ሲፈን ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ሁለት ቀን አልቀርበኝም አለች። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ እናት የሆነ ያውቀዋል።

ኦቦ ቱሉ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ተተኪ አልመጣም። ኦቦ ለሜሳ የተመረቁት በባዮሎጂ ነው፤ ቢሆንም ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስን ራሳቸው አስተማሩ። ማታ እያነበቡ ጠዋት ያስተምሩ ነበር አሉኝ። እኔ ከሙጫው ስወጣ እግራቸውን ይበልጥ አጥብቄባቸው ነው የወጣሁት። ተጸጽቻለሁ ወይ ብትሉኝ አልተጸጸትኩም፤ ልጄን አግኝቻለሁ። ደስ ብሎኛል ወይ ብትሉኝም ሙሉ በሙሉ አዎ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሁለቱን አብሬ ይዤ ነው የምኖረው።

አንድ ነገር ግን ቀለል ያደርግልኛል። ኦቦ ቱሉ እንደሚሉት ኦቦ ለሜሳ ኮረብታውን መውጣት ትተዋል። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ያችን በርጩማ ይዘው የማንጎው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ገዛ መስኮታቸው አድርገው ግምቢ ይደውላሉ። ትንሹ ልጃቸው የቤት ሥራውን በስልክ ያነብላቸዋል አሉ።

ባለፈው ሳምንት ለእኔም ደወሉልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የልጄን ጤና ጠየቁኝ፣ የፊራኦልን ጠየቁኝ። ከዚያ “ያ ቀንድ አውጣ አለ?” አሉኝ። አለ አልኳቸው። “ስሙን ቀየርሽው?” አሉኝ። እንዳልቀየርኩት ነገርኳቸው፤ እጄ እምቢ ብሎኛል። “አትቀይሪው” ብለው በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ መሰለኝ። የዘንድሮውን ዝውውር ልጠይቃቸው አስቤ ፈራሁ።

ስልኩን ስዘጋ ሲፈን ጭኔ ላይ ነበረች። ቀና ብላ “ኤኙ?” አለችኝ።

“ኦቦ ለሜሳ ናቸው” አልኳት።

“ኤሳ ጅራ?” አለችኝ። የት ነው ያለው ማለቷ ነው።

ፀጉሯን ዳበስኩ።

“እዚያው ናቸው” አልኳት።